የተሬሳ ምልክት ያለበት ፍላጻ

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እፎይ፣ እኔ አይደለሁም» ብላችሁ ትገላገላላችሁ።

ይህ ሰው በዴዴሳ ቆላ ማሽላ ያርስ ነበር። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ከርከሮ ከወንዙ ዳር ይወጣና እርሻውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ በዚያ መንደር ቀስት የማይሆንለት ገበሬ የሚያርሰው ለከርከሮ ነው። የእኛ ሰውዬ ደግሞ ፍላጻው አልሄድ አለው። ይስባል፣ ይለቃል፣ ዛፍ ይመታል።

ጎረቤቱ ተሬሳስ? ተሬሳ የሰደደው ፍላጻ ያለመበት ይገባል።

በዚያ መንደር አንድ ሕግ አለ። እያንዳንዱ አዳኝ በፍላጻው ላይ የራሱን ምልክት ይቀርጻል። አውሬው በማንም እርሻ ላይ ይውደቅ፣ የወጋው ፍላጻ ይነቀልና ምልክቱ ይታያል። አውሬውም ክብሩም የባለ ምልክቱ ነው። ሴቶቹ እየዘፈኑ የሚሄዱት ወደ እሱ ደጅ ነው። ወደ ማን ደጅ ይሄዱ ነበር? ወደ ተሬሳ። ባለፈው ዓመት? ወደ ተሬሳ። ዘንድሮስ? ወደ ተሬሳ። ሲሄዱም በሰውዬው አጥር ሥር ነው የሚያልፉት።

አንጀቱ አረረ። ቀና፣ ወገኖቼ። ዘፈኑ ካለፈ በኋላ እንኳ ጆሮው ውስጥ ይቀርና እህል አላስበላ ይለዋል። ለሰው ሲያወራ ተሬሳ መድኃኒት አሠርቷል ይላል። ግን መድኃኒት እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃል። ለምን? በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየው ስለሚውል ነዋ።

ተሬሳ ሰፊውን ብረት ሸምበቆው ጫፍ ላይ ሲተክል ያያል። ሙጫውን ሲያሞቅ፣ በጅማት ጠምጥሞ ሲያስር ያያል። ከዚያ ተሬሳ ፍላጻውን አቁሞ ጫፉን መዳፉ ላይ ያሽከረክረዋል። ብረቱ ትንሽ እንኳ ከተንቀጠቀጠ ጅማቱን ይፈታል፣ ሙጫውን እንደገና ያሞቃል፣ ብረቱን ያዞራል፣ እንደገና ያስራል። የሙዝ ግንድ ላይ ይሰድድና ፍላጻው በአየር ላይ ጅራቱን ወዴት እንደሚጥል ያያል። ደግሞ ይፈታል። ብረቱ ሰፊ ስለሆነ ትንሿ ጥመት ንፋስ ታገኝና መንገድ ታስታለች። ሰውዬው ይህን ሁሉ ያውቃል። የራሱ ፍላጻዎች ግን ብረታቸው ተጣሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

አንድ ቀን ሚስቱ መጣችና ከአጥሩ ሥር አገኘችው። ይህን ሁሉ ካወቅህ ለምን የራስህን አታሽከረክርም አለችው።

ምን ብሎ መለሰ? «የሱን ልኮርጅ ነው እንዴ?» አለ።

ተሬሳም አንድ ቀን በር ድረስ መጥቶ ለመነው። ማሽላህ እያለቀ ነው፣ ልጆችህ ክረምቱን ምን ይበላሉ፣ ፍቀድልኝና እርሻህ ዳር አድብቼ ልጠብቅልህ አለው። ሰውዬው አመሰግናለሁ ብሎ መለሰው። በልቡ ግን ያለውን ልንገራችሁ? የተሬሳ ፍላጻ እርሻዬ ላይ ከሚገኝ ማሽላዬን ከርከሮ ይብላው አለ። ልጆቹ ይራቡ አለ ማለት ነው። ቅናት እንዲህ ነው፣ የሌላው እንዳይሳካ ሲል የገዛ ልጁን ጉሮሮ ያስከፍላል።

ከዚያ ምን አደረገ? ተሬሳ ወንዝ በወረደበት ሰዓት ጓሮው ገባና ከሰገባው አንዲት ፍላጻ መዞ ወጣ። ልብ በሉልኝ። ሥራውን መኮረጅ ውርደት ሆነበት፣ ፍላጻውን መስረቅ ግን አልሆነበትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሽላው ውስጥ አደባ። ከርከሮው መጣ፣ ትልቅ ወንድ። ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ሰውዬው የአውሬው ልብ ላይ አነጣጠረና ለቀቀ። ያቺ ፍላጻ የማን ነበረች? ለተሬሳ ጠንካራ ቀስት ተብላ ከወፍራም ሸምበቆ የተቆረጠች ናት። የዚህኛው ቀስት ደግሞ ለስላሳ ነው። በተሬሳ እጅ ቀጥ ብላ የምትሄደው ፍላጻ በሱ እጅ ወደ ጎን ሸሸችና ልቡን ትታ ሆዱን ወጋችው። ከርከሮው የቀረውን ማሽላ እየደረመሰ ወደ ወንዙ ሮጠ።

በማግስቱ ውኃ የወረዱ ሴቶች ሞቶ አገኙት። መንደሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ፍላጻዋን ነቀለ፣ ደሙን በሣር ጠረገ፣ ምልክቱን አየ። ሁሉም ወደ ተሬሳ ዞረ።

ተሬሳ ፍላጻዋን ተቀብሎ ገልብጦ አያት። «ምልክቱ የኔ ነው። እጁ ግን የኔ አይደለም። ትናንት ቀስት አልነካሁም» አለ።

የገደለው ሰው እዚያው ቆሟል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ቀን ዛሬ ነው። እኔ ነኝ ቢል ገዳይ ይባላል፣ በዚያው አፍታ ደግሞ ሌባ ይባላል። ተሬሳ አየው። ሽማግሌው አየው። የሰውዬው ሚስት መሬት መሬት ታያለች።

ሰውዬው አፉን ከፈተ። «ከተሬሳ ሌላ ማን ይሆናል? እንዲህ የሚመታ ሌላ ማን አለን? መመስገን ስለማይወድ ነው እንጂ» አለ።

ሰማችሁት? የሚቀናበትን ሰው በገዛ አፉ አመሰገነው። የራሱን ግዳይ በራሱ እጅ አስረከበው። ሴቶቹ ዘፈኑን አነሡና በዚያው አጥር ሥር አለፉ። ማታ ተሬሳ ከሥጋው ላከለት። ልጆቹ በሉ። እሱ ግን አንድ ጉርሻ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ትላላችሁ አይደል? ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ታዲያ ለምንድን ነው የሰው ወርቅ አንጠልጥለን የምንዞረው?

አንቺ እህቴ፣ የዚያችን ዘማሪ ድምፅ ለማምጣት ጉሮሮሽን የምትጎጂው ለምንድን ነው? ብትችዪ እንኳ ሰው «ልክ እንደ እሷ» ነው የሚልሽ፤ ምስጋናው ወደ እሷ ደጅ ይሄዳል። አንተ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ሱቅ ከፈተ ብለህ እርሻህን ሸጠህ ሱቅ የከፈትህ፣ እርሻው ምን አደረገህ? እኛ ሰባኪዎችስ? የሌላውን ሰባኪ ሳል ሳይቀር ይዘን መድረክ የምንወጣ የለንም? አትሳቁ፣ እዚህም አሉ።

ቅናት ሰነፍ አይደለም፣ ወገኖቼ። ሲያይ ይውላል። የጎረቤቱን ጥንካሬ ከባለቤቱ ይልቅ አጥርቶ ያውቃል። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱ ጥመት የት ጋ እንዳለ። የራስን ጥመት ማየት ያሳፍራል። መፍታት አለው፣ እሳት ላይ ማሞቅ አለው፣ እንደገና ማሰር አለው። ዘፋኝም አጃቢም የለውም። የሚቃናው ግን እሱ ብቻ ነው። የተሬሳን ፍላጻ ማቃናት የናንተ ሥራ አይደለም፤ እሷ ድሮም ቀጥ ያለች ናት።

አሁን ልንጸልይ ነው። የምትቀኑበት ሰው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። የት እንደተቀመጠም ታውቃላችሁ፣ ስትገቡ መጀመሪያ የፈለጋችሁት እሱን ነውና። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ስለ እሱ አንዲት ቃል አታንሡ፣ ክሱንም ምስጋናውንም ተዉት። ለእግዚአብሔር ስለ ራሳችሁ ብቻ ተናገሩ። የምትናገሩት ካጣችሁ፣ ስንት ዘመን ሌላ ሰው ስታዩ እንደኖራችሁ ያን ጊዜ ይገባችኋል።