ሳይደርስ የደረሰ የመሰለው

አንድ ኮርማ ሞተ። በሐይቁ ዳር ባለው ወረዳ በትከሻው ስፋትና ከእሱ በተወለዱ ላሞች ወተት ብዛት የታወቀ፣ በአካባቢው ከዝርያው የቀረ የመጨረሻው ንጹህ ኮርማ ነበር። ከመሞቱ በፊት የማዳቀያው ማዕከል ባለሙያ ዶክተር ትርንጎ ዘሩን ሰብስባ፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ሞልታ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዛ አስቀምጣ ነበር። ባለቤቱ አቶ ውብነህ ሊያጽናኗቸው የመጡትን ጎረቤቶች፣ ዘሩ በዶክተሯ እጅ ስላለ ኮርማዬ ሞተ አትበሉ እያሉ መልሰው አጽናኗቸው።

ዘሩ ሥራ ላይ ሲውል ግን ነገሩ እንደታሰበው አልሆነም። አዳቃዩ ሙሉቀን የመጀመሪያዎቹን ላሞች አዳቀለ፤ አንዷም አላረገዘችም። ሌሎችም ተሞከሩ፤ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንደገና ኮርማ ፈለጉ። ትርንጎ ግራ ገባት። ከቱቦዎቹ ጥቂት አቅልጣ በማይክሮስኮፕ ስታይ የዘር ህዋሶቹ በሕይወት አሉ። በሕይወት መኖር ብቻም አይደለም፤ ጭራቸውን እየገረፉ እንደ እብድ ይሯሯጣሉ። እንዲህ የሚሮጥ ዘር እንዴት ሳይሠራ ይቀራል?

ዘሩ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው ብላ ደመደመች። ሙሉቀንን በገበሬዎቹ ፊት፣ እጅህ ሥራውን ረስቷል ብላ ወቀሰችው። እሱም ግራ ገብቶት ነበርና የገዛ እጁን ይጠራጠር ጀመር፤ ውሎ አድሮም ሥራውን ትቶ ገበያ መሃል እህል መሸጥ ያዘ። በእሱ ቦታ ሌላ አዳቃይ መጣ። ላሞቹ አሁንም ባዶ ናቸው። ትርንጎ መኖ አስቀየረች፤ ውሃውን አስመረመረች፤ እንቅልፍ አጣች። በዚህ መሃል ዘሩ እየተመናመነ ሄደ።

በመጨረሻ ደካማ ነው ብላ ወደ ጎን ያደረገችው ብቻ ቀረ። ያ ዘር በተዘጋጀበት ዕለት መብራት ቦግ እልም ሲል ውሎ ማቀዝቀዣው በደንብ ስላልሠራ፣ ወደ ናይትሮጅኑ ከመግባቱ በፊት የቀዘቀዘው ከሌላው ይልቅ በጣም ቀስ ብሎ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ህዋሶቹ አይሯሯጡም፤ ዝም ብለው ያዘግማሉ። ትርንጎ አፍራ ለአቶ ውብነህ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ከዚህ ብዙ እንዳይጠብቁም ለመነቻቸው።

«እንግዲህ የሚያዘግመውንም ሞክሪው፣ ልጄ» አሏት። «ተቀምጦ ምን ይሆናል?»

በዚያ ዘር የተዳቀለችው ላም አረገዘች። ቀጥላ የተዳቀለችውም አረገዘች።

ትርንጎን ከውድቀቱ ይልቅ ስኬቱ የባሰ አደናገራት። ደስ ሊላት ሲገባ ያመማት ይመስል ነበር። በማግስቱ ተነሥታ ወደ ቀድሞ መምህሯ ሄደች፤ የሚሮጠው ከሽፎ የሚያዘግመው እንዴት ሊደርስ እንደቻለ ጠየቀቻቸው። አዛውንቱ ሁሉንም በጥሞና ሰሟት።

«በዘር ህዋስ ቆዳ ላይ እጅግ ጥቃቅን በሮች አሉ» አሏት። «እንደ ካልሲየም ያሉት ነገሮች የሚያልፉት በእነሱ ነው። በደህናው ጊዜ ህዋሱ ወደ እንቁላሉ ሲቃረብ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ይገባል፤ ያን ጊዜ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይሮጣል። ድንገተኛ ብርድ ግን በሮቹን ያዛባቸዋል። ሲቀልጥ ካልሲየሙ ያለጊዜው ይገባበትና፣ ገና መንገዱን ሳይጀምር የደረሰ ይመስለዋል። አንቺ ብርታት ያልሽው የመጨረሻ ጉልበቱን ሳይሆን አይቀርም።»

ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው በሮቹ ስላልተዛቡ ይሆን የዳነው ብላ ጠየቀች። ሊሆን ይችላል፣ ግን ስለ እነዚህ በሮች ከምናውቀው የማናውቀው ይበልጣል ብለው ሸኟት።

ትርንጎ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ገበያ ሄዳ ሙሉቀንን ከእህል ጆንያዎቹ መሃል አገኘችው። የወቀሰችው በሰው ፊት ነበርና ገበያተኛው እየሰማ ተናገረች።

«እጅህ ደህና ነበር። ያልገባኝን ነገር አንተ ላይ ጣልኩት።»

ሙሉቀን ከእጆቹ ላይ የእህሉን አቧራ አራገፈ። ይቅር ብያለሁም አላለም፤ የቀረ ዘር እንዳለ ብቻ ጠየቃት። ጥቂት አለ አለችው። ሚዛኑን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ ተከተላት። ያን ዓመት በሐይቁ ዳር ትከሻቸው ሰፋፊ ጥጆች ተወለዱ።

ወዳጄ፣ ሩጫ ሁሉ ብርታት አይደለም፤ አንዳንዱ ያለጊዜው የተከፈተ በር ነው። ዶክተሯም ስትፈርድ ከእውነት ዘንድ የደረሰች መስሏት ነበር፤ መንገዱን ግን ገና አልጀመረችውም። ግራ መጋባት ነውር የለበትም። ግራ በተጋባን ጊዜ አጠገባችን ያለውን ሰው ጥፋተኛ ለማድረግ መቸኮላችን ነው የሚጎዳን። እስቲ አስብ፦ የገባህ መስሎህ የፈረድክበት ሰው ዛሬ የት ይሆን?