አይዞህ ያለኝ ጡጦ

ተረት ልንገራችሁ። በረት የለበትም፤ ላምም የለችበትም። ያለው አንድ ቆርቆሮ የዱቄት ወተት ነው፤ እሱም ለብቻው ምንም አያደርግም።

አንዲት ልጅ ነበረች። መክሊት ትባላለች፤ የእኔ ልጅ ናት። ከተወለደች ሠላሳ ሁለት ቀኗ ነው። እናቷ ትርሲት በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ያለነው መክሊት፣ እኔና ጡጦው ነን። ከሦስታችን ሥራዋን የምታውቀው መክሊት ብቻ ናት። ሥራዋ ማልቀስ ነው።

መክሊት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ መተኛት። ትልቅ ነገር አልጠየቀችም። ሐምሌ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አገር በሙሉ ሥራ ገብቶ የሚያንቀላፋበት ሰዓት ነው።

«ተኚ፣ የኔ እናት» አልኳት።

አልተኛም አለች። በአፏ አይደለም፤ በሆዷ ነው።

የግቢያችን ሴቶች በየበራቸው ቆመው ከሩቅ መረመሯት። አንዷ ምች ነው አለች። አንዷ ዓይን ነው አለች። አንዷ የሆድ ንፋስ ነው፣ ቅቤ አስውጣት አለች። ርቧት ነው ያለ የለም፤ እሱን ካሉ ማብላት ይመጣል። ከዚያ ሁሉም «አይዞህ፣ በርታ» ብለውኝ ገቡ። ይህችን «አይዞህ» ያዙልኝ፤ ተመልሳ ትመጣለች።

ጡጦውን አነሳሁ። «ወተት ያዝ። መክሊት አልተኛም ብላለች» አልኩት።

«አልይዝም» አለ ጡጦው። «እኔ ንጹሕ ዕቃ ነኝ። በፈላ ውኃ ካልተቀቀልኩ ወተት አልይዝም። ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የምትችል መስሎኝ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አነጋግር። አይዞህ።»

ወደ ማንቆርቆሪያው ሄድኩ። «ውኃ አፍላ» አልኩት። «ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

«አላፈላም» አለ ማንቆርቆሪያው። «በእኔ በኩል ምንም ጉድለት የለም። ተከድኛለሁ፣ ውኃም ሞልቶልኛል። ከሥሬ የሚያሞቀኝ ግን የለም። ጉዳዩ የምድጃው ነው። አይዞህ።»

ወደ ምድጃው ጎንበስ አልኩ። «ጋል» አልኩት። «ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

«አልግልም» አለ ምድጃው። «እኔ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነኝ። የተጠመጠመ ሽቦ ማለት ነኝ። ከሽቦ ምን ትጠብቃለህ? ፊውዙን ጠይቅ። አይዞህ።»

ከሰል አትበሉኝ። ከሰሉ በረንዳ ላይ ሐምሌን ሙሉ ሲረጥብ ከርሞ ከእኔ በላይ አልቅሷል።

መክሊትን በትርሲት ነጠላ አዘልኳትና ወጣሁ። ልጅ ያዘለ ወንድ ሲያዩ የግቢው ሴቶች እንደገና በየበራቸው ብቅ አሉ። ለዚህ ጊዜ አላቸው። ፊውዙ ከግቢው በር አጠገብ፣ ቆጣሪው ሥር ነው። «ሥራ» አልኩት። «ምድጃው አልግልም ብሏል፣ ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

«አልሠራም» አለ ፊውዙ። «ትናንት ለዚህ ግቢ ስል ነድጃለሁ። ስድስት ቤት በአንድ ፊውዝ ምድጃ ሲለኩስ ማንም እኔን አላማከረኝም። አስራት መጥቶ ይቀይረኝ። አይዞህ።»

አስራት ጎረቤቴ ነው፤ የመብራት ሥራ ይሠራል። ሚስቱ ስመኝ ወንድ ልጅ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። አማቱ እማማ ውድነሽ አራሷን ሊንከባከቡ መጥተው እሱን ከቤት አስወጥተውታል። በሩ ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ጄሪካን ላይ ተቀምጧል። መሰላሉ አጠገቡ ቆሟል፣ ፒንሳው ኪሱ ውስጥ ነው፣ ዓይኑ ተከድኗል።

«አስራት፣ ተነሳ» አልኩት። «ፊውዙ አልሠራም ብሏል፣ ምድጃው አልግልም ብሏል፣ ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

«አልነሳም» አለ አስራት ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ለምን?»

እጁን ዘረጋልኝ። ይንቀጠቀጣል። «ይኸውልህ። ስመኝ ስታለቅስ ሦስት ቀኗ ነው፤ እሷ ባለቀሰች ቁጥር እጄ እንዲህ ይሆናል። በዚህ እጅ መብራት ከነካሁ የምትቀብረኝ አንተ ነህ። አንተ ደግሞ ለምደኸዋል።»

ከተናገረ በኋላ ዓይኑን ገለጠ።

«ይቅርታ፣ ይልቃል።»

«ግድ የለም። ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ጡቷ ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል። ትኩሳትም ይዟታል። እሷ ዝም ካለች እነሳለሁ። አይዞህ።»

አራስን ሄዶ ዝም በይ ማለት ነውር ነው። ግን እዚህ ድረስ የመጣሁት በጨዋነት አይደለም። በዝግ በር በኩል ተናገርኩ።

«ስመኝ፣ ዝም በይ። አስራት አልነሳም ብሏል፣ ፊውዙ አልሠራም ብሏል፣ ምድጃው አልግልም ብሏል፣ ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

«ዝም አልልም» አለች ስመኝ ከውስጥ። «አንተ ደረትህ ላይ ሁለት ድንጋይ ቢጫንብህ ዝም ትላለህ? ማሙሽ አልጠባ ብሎኝ ነው። ሄደህ እሱን ገሥጸው።»

አይዞህ አላለችኝም። ረስታው ይሆናል አልኩ።

«ማሙሽ፣ ጥባ» አልኩ በበሩ ስንጥቅ በኩል። «እናትህ ዝም አልልም ብላለች፣ አባትህ አልነሳም ብሏል፣ ፊውዙ አልሠራም ብሏል፣ ምድጃው አልግልም ብሏል፣ ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

አልጠባም አለ ማሙሽ። እሱም በአፉ አይደለም፤ በአፍንጫው ነው። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል። ጡት ሲይዝ መተንፈሻ ያጣል፤ ሲተነፍስ ጡቱን ይለቃል። የሦስት ሳምንት ሰው ነው፤ ከሁለት አንዱን መምረጥ ገና አልተማረም።

«እንፋሎት ቢያገኝ ይከፈትለት ነበር» አሉ እማማ ውድነሽ ከውስጥ። «አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ብቻ።»

«ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ እማማ።»

«ለምን?»

«ምድጃው አልግል ብሎ።»

«ምድጃው ምን ሆነ?»

«ፊውዙ አልሠራ አለ።»

«ፊውዙስ?»

«አስራት አልነሳ አለ።»

«ይኼ ሰነፍ። ለምን አይነሳም?»

«ልጅዎ ስለምታለቅስ።»

«ልጄማ የምታለቅሰው ማሙሽ አልጠባ ብሏት ነው» አሉ።

«ይኸው፣ ዞሮ መጣ» አለ አስራት ከጄሪካኑ ላይ። «ሽቦም የሚነደው እንዲህ ሲዞር ነው።»

መክሊት ጀርባዬ ላይ ትንሽ ዝም አለች። ዝምታዋ ደስ አላለኝም። ጠዋት እግሯን ስታወራጭ ነበር፤ አሁን አታወራጭም። ጉንጯን ትከሻዬ ላይ አስደግፋ ሸሚዜን መጥባት ጀምራለች። ሸሚዝ ወተት እንደሌለው ማን ይንገራት።

«እማማ» አልኩ፤ «እርስዎ ጋ የሚጠባው ያጣ ጡት አለ። እኔ ጋ የምትጠባው ያጣች ልጅ አለች። በመሃል ያለው በርዎ ብቻ ነው። ይክፈቱልኝ። ማሙሽ አልጠባም ብሏል፣ ስመኝ ዝም አልልም ብላለች፣ አስራት አልነሳም ብሏል፣ ፊውዙ አልሠራም ብሏል፣ ምድጃው አልግልም ብሏል፣ ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። የእማማ ውድነሽ አንድ ዓይን ታየ። ዓይኑ ከእግሬ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣና ሸሚዜ ላይ ቆመ።

«አልከፍትም» አሉ። «ጥቁር ለብሰህ አራስ ቤት አትገባም።»

«እኔ ልቅር። እሷ ትግባ።»

«እሷም ከሐዘን ቤት ነው የመጣችው። ልጄ አርባ ቀኗን አልጨረሰችም፤ ምን ታመጣባት ብለህ ነው? መጀመሪያ ይኼን አውልቅ፣ ልጄ። ከዚያ እናያለን። አይዞህ።»

በሩ ተዘጋ።

ሸሚዜን አየሁት። «ውለቅ» አልኩት። «እማማ ውድነሽ አልከፍትም ብለዋል፣ ማሙሽ አልጠባም ብሏል፣ ስመኝ ዝም አልልም ብላለች፣ አስራት አልነሳም ብሏል፣ ፊውዙ አልሠራም ብሏል፣ ምድጃው አልግልም ብሏል፣ ማንቆርቆሪያው አላፈላም ብሏል፣ ጡጦው ወተት አልይዝም ብሏል፤ መክሊትም አልተኛም ብላለች።»

«አልወልቅም» አለ ሸሚዙ። «እኔ ሰማያዊ ነበርኩ። ትርሲት ለፋሲካ የገዛችልህ። የዛሬ ሃያ አንድ ቀን ጥቁር ቀለም በድስት በጥብጠህ ቀቀልከኝ። ያን ቀን ፊውዙ አልነደደም። ምድጃው ጋለ፣ ድስቱ ፈላ፣ ሁሉም ነገር ሠራልህ። አሁን ወደ ሰማያዊ መልሰኝና እወልቃለሁ።»

ወደ ሌላ ሰው አልላከኝም። አይዞህም አላለኝም። ከእሱ ቀጥሎ የሚጠየቅ አልነበረም።

እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ሸሚዙን ለማውለቅ ነጠላውን መፍታት አለብኝ። ነጠላውን ለመፍታት ልጅቷን ማስቀመጥ አለብኝ። ልጅቷን ለማስቀመጥ ደረቅ መሬት ያስፈልገኛል። ሐምሌን ደረቅ መሬት ስጠኝ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያኔ መክሊት አለቀሰች። ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ነበር፤ ይኼ ግን ሌላ ነው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ማንንም አይጠይቅም። ሸሚዙን አልጠየቀም፣ በሩን አልጠየቀም፣ እማማ ውድነሽን አልጠየቀም። በስንጥቁ ገባ።

ውስጥ አልጋ ተንቋቋ።

«እማዬ» አለች ስመኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ወረደ።»

«ምኑ?»

«ወተቱ ነዋ። ቀሚሴ ራሰ።»

«ማሙሽ መቼ አለቀሰ?»

«እሱ አይደለም። የይልቃል ልጅ ናት። ወተቴ ግን ወርዷል፣ ምን ላድርገው?»

«ተኚ፣ አንቺ ልጅ። ብርድ ይመታሻል። ሰውየው ጥቁር ለብሷል እኮ—»

በሩ ተበረገደ። ስመኝ በባዶ እግሯ ቆማለች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ፊቷ በትኩሳት ቀልቷል፣ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ሁለት ቦታ ርሷል። ሸሚዜን አላየችውም።

«አምጣት» አለች።

ይኼው ነው ያለችው። እስካመጣላትም አልጠበቀችም። የነጠላውን ቋጠሮ በራሷ እጅ ፈታች፣ መክሊትን ከነነጠላዋ ከጀርባዬ ወሰደች፣ ገባች።

መክሊት ጠባች። አጠባቧ ደጅ ድረስ ይሰማል። የስመኝ ጡት ላላ፤ ስመኝ ዝም አለች። ስመኝ ዝም ስትል አስራት እጁን አየ፤ አይንቀጠቀጥም። አስራት ተነሳ፣ ፊውዙን ቀየረ። ፊውዙ ሠራ፣ ምድጃው ጋለ፣ ማንቆርቆሪያው ፈላ። ውኃውን እየሮጥኩ አመጣሁ፤ እማማ ውድነሽ በበሩ ተቀበሉኝ። እንፋሎቱ የማሙሽን አፍንጫ ከፈተ፤ ማሙሽም ሁለተኛውን ጡት ያዘ። በቀረው ውኃ ጡጦው ተቀቀለ። ወተት ያዘ። ዝግጁ ነኝ አለ፣ በኩራት።

መክሊት ግን ተኝታለች።

«አይዞህ» አልኩት ጡጦውን።

ተመልሼ የእነ አስራት ደጅ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ አላቆመም።

«እዚያ ምን ትገተራለህ?» አሉ እማማ ውድነሽ።

«ጥቁር ለብሻለሁ።»

«አይቼዋለሁ። ዕውር መሰልኩህ?» ጋቢ ወረወሩልኝ። ነጭ ነው፣ የአስራት ነው። «ይኼን ደርብ። ጭቃህን አራግፍ። ስትገባ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር።»

ደረብኩት። ጋቢው ጥቁሩን አላወለቀውም፤ ሸፈነው። ገብቼ በርጩማ ላይ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ።

«እንግዲህ የጡት ወንድምና እህት ሆኑ» አሉ እማማ ውድነሽ። «ሲያድጉ እንጋባ እንዳይሉ።»

«እማማ፣ መጀመሪያ አፍንጫው ይዳን» አለ አስራት ከደጅ።

«ነገም አምጣት» አለች ስመኝ ከኋላዬ።

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ሲርባት ነዋ። ሰዓት ታውቃለች እንዴ?»

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ አልልም። ስመኝ የመክሊትን አፍ በትርሲት ነጠላ ጫፍ አበሰችና፣ እንደተኛች ሰጠችኝ።