አውራ ዶሮና ያልታየችው ፀሐይ

ነገር ሁሉ የተበላሸው ጉም በወረደባት ማክሰኞ ነው። ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ከብቱም አውሬውም፣ የቤት ዕቃውም በአንደበቱ ይሟገት በነበረበት ዘመን ነው።

አውራ ዶሮ እንደ ልማዱ በሰዓቱ ጮኸ። ነግቶ ነበር፤ ጉሙ ግን ሜዳውን ሸፍኖታል። የፍየል ግልገል ጩኸቱን ሰምታ ከበረት ብትወጣ ጅብ በላት። ዘበኛው ውሻ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ «ያስበላት ዶሮ ነው! በሌሊት ጮኸ!» አለ።

ዳኛው ዝንጀሮ ብብቱን እያከከ ተሰየመ።

«ፀሐይን በዓይኑ ያየ አለ?»

«የለም!» አሉ ሁሉም።

«ካልታየች አልወጣችም።»

«ጌታዬ፣ እሷን ራሷን ይጠይቋት እንጂ!» አለ ዶሮ።

«ፀሐይን እኔ ልጥራት? ይልቅ አንተ ዋስ ጥራ። እስከ ማታ ዋስ ካጣህ አገር ትለቃለህ።»

ዶሮ እመት አህያ ዘንድ ሄደ። «ዋስ ሁኚኝ።»

«ውይ ልጄ፣ ጭነት አለብኝ።»

በሬ ዘንድ ሄደ። «ዋስ ሁነኝ።»

«እኔስ አምንሃለሁ። ግን ከውሻ ጋር አንድ ግቢ ነው የምናድረው።»

ጎተራ ዘንድ ሄደ። «ዋስ ሁነኝ።»

«እኔ ሆድ እንጂ አፍ የለኝም» አለው ጎተራ።

«ታዲያ አሁን የተናገርከው በምንህ ነው?» አለና ዶሮ ወንዙን ተሻገረ።

ማዶ አውራ ዶሮ የሌለበት መንደር አገኘ። በመጀመሪያው ንጋት፣ «ደግሞ ቢከሱኝስ?» አለ። ቢሆንም ክንፉን መትቶ ጮኸ። በጎቹ ተነሡ፤ ላሞቹ ተነሡ፤ «እሰይ!» አሉት። እዚያው ጎጆ ቀለሰ፣ አገባ፣ ጫጩት አሳደገ።

ክረምቱ ሲያልፍ እመት አህያ መጣች።

«ልጄ፣ የሚቀሰቅሰን አጣን። ውሻ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ መንጋቱ በምን ይታወቅ! ተመለስ፣ ሁሉም ተረስቷል።»

«ማን ነው የረሳው?»

«ሁላችንም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ? አልመለስም፤ ቤቴ እዚህ ነው።»

«ደግ፤ ከተደላደልክ እንግዲህ የድሮውን ተወው።»

«ጎጆ ቀለስኩ እንጂ ፍርዱን ተቀበልኩ አላልኩም» አላት።

ስለዚህ አውራ ዶሮ ጎህ ሲቀድ አንዴ ጮኾ አያበቃም። መጀመሪያ ለአዲሱ መንደሩ ይጮሃል። ቀጥሎ አንገቱን ወደ ወንዙ ማዶ ይመልስና ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲህ ይላል፦

«አንተ ዝንጀሮ! ያቺ ማክሰኞ ነግቶ ነበር ወይስ አልነጋም? መልስልኝ!»