ድንጋዩን ማን ይሸከም?

በአንድ ወቅት፣ ሐኪሞች ዲግሪያቸውን በተቀበሉ ማግስት ፓስፖርት ለማውጣት በሚሰለፉበት ዘመን፣ ደብረ ሲና ላይ ትርሲት የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ሙላቷ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብለው ካላረፉ ቤታቸው አይደርሱም። ትርሲት የልብ ሐኪም ሆና እናቷን ማከም ፈለገች፤ ለዚህ ደግሞ ባሕር ማዶ ሄዳ መማር ነበረባት።

የሚወጣበት ቪዛ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ቶሎ ይገኛል፤ ግን «ተምሬ ስጨርስ አገሬ እመለሳለሁ» ተብሎ ይፈረምበታል። ሁለተኛው የሥራ ቪዛ ነው፤ ተመለሱ የሚል ግዴታ የለበትም፣ ተጨማሪ ፈተናና ረጅም ጥበቃ ግን አለው። አብሮ አደጓ ዶክተር ሰብለ ሁለተኛውን መረጠች።

«ምን ያጣድፍሻል? ትንሽ ታገሺና እንደ ልብሽ የምትወጪበትንና የምትገቢበትን ያዢ» አለቻት።

«እኔ ለመኖር መች እሄዳለሁ? ለእማዬ ብዬ ነው፤ ልመለስ ነው» አለች ትርሲት፤ የመጀመሪያውን ያዘች።

የተመታላት ቪዛ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነበር። ትምህርቱ እስኪያልቅ እዚያ መቆየት ይቻላል፤ ከወጡ በኋላ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ደጅ መጥናት ነው። ለወንድሙ ሠርግ ብሎ አገር ቤት መጥቶ፣ ቪዛ ተከልክሎ በዚያው የቀረ ሐኪም ታውቃለች። እንግዲህ እመለሳለሁ ብላ የፈረመችበት ቪዛ እንዳትመለስ አሰራት። አይ ቪዛ!

በሁለተኛው ዓመት ወይዘሮ ሙላቷ አልጋ ያዙ። እንደማይነሡ ሲገባቸው ወንድ ልጃቸውን ደጀኔን ጠሩት።

«ትምህርቷን እስክትጨርስ እንዳትነግራት። በሞቴ!»

«እማዬ፣ እንዴት አድርጌ...»

«በሞቴ አልኩህ እኮ!»

ከዚያ ስልኩን አስይዘውት ድምፃቸውን ያስቀዱ ጀመር፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለተራ እሑዶችም ብዙ። «ልጄ፣ ደህና ነኝ፤ አታስቢ። በርቺ» ይላሉ፤ መሐል ላይ ቆም ብለው ትንፋሽ እየሰበሰቡ። ቀድተው በጨረሱ በሳምንቱ አረፉ።

ደጀኔ ቃሉን ጠበቀ። እናቱን ቀበረ፤ ጥቁር ግን አልለበሰም፣ ተዝካርም አላወጣም። እኅቱ በቪዲዮ ስታየው እንዳትጠረጥር ጢሙን ተላጭቶ፣ ቀይ ሹራቡን ለብሶ ይስቅላታል። ሰፈሩ «እናቱን ቀብሮ ቀይ የሚለብስ!» ብሎ ጠመደው፣ ዘመድ ፊት ነሣው። ማልቀስ ሲፈልግ የሚሠራበት ጋራዥ ሄዶ መኪና ሥር ይገባል።

ትርሲት ዘንድ የእናቷ ድምፅ በየእሑዱ ይደርሳል። ደጋግማ ትሰማዋለች። አንዳንዴ «እስቲ እማዬን አሳየኝ» ትለዋለች ደጀኔን።

«ጠበል ገብታለች» ይላታል።

«እሺ» ትላለች፤ ሌላ አትጠይቅም።

ሰብለ ደግሞ ጥበቃዋ አልቆ ትርሲት ባለችበት ከተማ ሥራ ይዛለች። ለዕረፍት አገር ቤት መጥታ ወይዘሮ ሙላቷን ልጠይቅ ብትል መቃብራቸውን አሳዩአት። ደጀኔ እግሯ ላይ ወደቀ። «ለመጨረስ ጥቂት ወር ነው የቀራት፤ ዝም በይልኝ» አላት። እሷ ግን እንደተመለሰች ያገሯን ሰዎች ሰበሰበች፤ ማለዳ የትርሲትን በር አንኳኩታ እንደ ወጉ መርዶውን ነገረቻት። «የሞተች እናትሽ ደህና ነኝ ስትልሽ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም» አለች።

ትርሲት የዚያኑ ቀን ተነሥታ አገሯ ገባች፤ መቃብሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ልመለስ ስትል ቪዛ ተከለከለች። የትምህርት ቦታዋም ለሌላ ሐኪም ተሰጠ። ያን ሁሉ ዓመት ደክማ የልብ ሐኪም ሳትሆን፣ እናቷንም ሳትቀብር ቀረች። ወይ ነዶ!

የዘገየው ተዝካር ሲወጣ ሰብለ መጣች። ደጀኔ ሲያያት ድንኳኑን ጥሎ ወጣ። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ ተቀመጡ፤ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነውና ይቅርታ የሚለምነው፣ አንድ ድንጋይ አምጥተው መሐል ላይ አኖሩ።

«ሐዘኗን የነጠቃት እሱ ነው» አለች ሰብለ።

«የእናቴን አደራ መና ያስቀረችው እሷ ናት» አለ ደጀኔ።

አቶ ገብረየስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገሩን የጀመረችው ሙላቷ ናት። እሷ እንደሆነ ድንጋይ ከተጫናት ቆየ» አሉ።

ይኼኔ ትርሲት ተነሣች።

«የልብ ትምህርት ላይ ነበርኩ» አለች። «የመጀመሪያውን መልእክት ስሰማ፣ እንዲህ የምትተነፍስ ሴት ብዙ እንደማትቆይ ገባኝ። ወራት አለፉ፤ አተነፋፈሷ ግን አልባሰም፣ አልተሻለም፣ ያው ነው፤ ድምፁ አስቀድሞ የተቀዳ መሆኑን አወቅኩ። ብጠይቅ መውጣቴ ነው፤ ከወጣሁ ደግሞ አልመለስም። አልጠየቅኩም።»

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ጨበጠች። ደጀኔና ሰብለ ሮጠው እጇን ያዙ፤ እሷም አልለቅም አለች።

ሽማግሌዎቹ ፍርድ ሳይሰጡ ተነሡ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ «በሞቴ» ካሉት እናት፣ ለቅሶውን ከዋጠው ወንድም፣ መርዶውን ካረዳችው ባልንጀራና እያወቀች ካልጠየቀችው ልጅ፣ ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው?