ቀዩ ጠጠር

ልጆች፣ ተጠጉ። አንዴ ነው የምናገረው።

በድሮ ዘመን፣ በልጉ ሳይዘንብ በቀረበት ዓመት፣ ሰማዩ ደረቅ፣ ነፋሱ አቧራ ነበር። ወንዙ ነጥፎ አንዲት ምንጭና ውኃዋን የሚያወርደው ቦይ ብቻ ቀሩ። ስለዚህ አራዊቱ ውኃውን በተራ የሚያካፍል የውኃ አባት ሊመርጡ ተሰበሰቡ።

ለመመረጥ የቀረቡት ሁለት ናቸው። አያ ዝንጀሮ አንደበቱ የጣፈጠ፣ ጋማው የተበጠረ፣ ሥራ የማይወድ ነበር። አያ ጃርት ዝምተኛ፣ ቆፋሪ፣ ጭቃ የማይጠየፍ ነበር።

ገደል ላይ የሚኖሩት ዝንጀሮዎች ከአራዊቱ ሁሉ ይበዙ ነበር። አያ ዝንጀሮም አልሰጋም። ሁለት አጫፋሪዎች አሉት፤ "ጌታዬ፣ ወገንህ ብቻውን ይበቃሃል" ይሉታል።

እሱም፣ "ገደላችንን ከኛ በቀር ማን ይወጣዋል!" እያለ ይፎክራል።

የምርጫው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሁሉም ከየደጁ አንዳንድ ጠጠር ያመጣል፤ ከሁለት ቅል በአንዱ ይከታል። የሜዳው ጠጠር ነጭ፣ የወንዙ ጥቁር፣ የገደሉ ቀይ ነው።

መጡ። ከተቱ። ዳር ይዘው ቆሙ።

ዳኛዋ እመት ኤሊ የጃርትን ቅል ዘረገፈች። ጠጠሩ ጉብታ ሠራ። የዝንጀሮን ቅል ገለበጠች። አንዲት ጠጠር ዱብ አለች።

አንዲት። የራሱ ናት።

አያ ዝንጀሮ ወደ አጫፋሪዎቹ ዞረ። አንዱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሌላው ቁንጫውን ይለቅማል።

"ተሰረቅሁ!" ብሎ ጮኸ። "ጃርት ጠጠር ጨምሯል!"

"ና እየው" አለችው ኤሊ። "መልኩ ምንድን ነው?"

ጎንበስ ብሎ አየ። ከነጩም ከጥቁሩም ቀዩ ይበልጣል።

"ከገደላችን ሰርቆ ነዋ!"

አሮጊቷ አክስቱ ሳቀች። "ጃርት ነው ገደል የወጣው? ከኛ በቀር ማን ይወጣዋል ስትል አልነበረም እንዴ?"

አራዊቱ በሳቅ ፈረሱ።

"አንቺም ከዳሽኝ፣ አክስቴ?"

"ቦዩ በጭቃ ሲደፈን ጠራንህ፤ አጫፋሪዎችህ ንግግር ላይ ነው አሉን። ግልገሎቻችን ሲጠሙ ጠራንህ፤ ንግግር ላይ ነው አሉን። ጠጠር ሲያስፈልግህ ግን ራስህ መጣህ፤ በየስማችን ጠራኸን። ጃርት ስማችንን እንኳ አያውቅም። ቦዩን ግን ጠረገልን።"

አያ ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አጫፋሪዎቹ ተጠጉት። "ጌታዬ፣ ቅሉን እንስበር። ኤሊን እንክሰስ። ቦዩን እንድፈንባቸው።"

"ዝም በሉ" አላቸው። "የሜዳውና የወንዙ ቢጥሉኝ ጠላት ጣለኝ እል ነበር። እኔን የጣለኝ ቤቴ ነው።"

በማግስቱ ማለዳ ወደ ቦዩ ወረደ። ጃርት እየቆፈረ ነበር።

"ከየት ልጀምር?" አለው።

"ከቆምክበት።"

ገባ። ጋማው ጨቀየ። ማንም አላጨበጨበለት። አክስቱ ከገደሉ ላይ ሆና አየችው። እሱም ቀና ሳይል ጭቃውን መዛቅ ቀጠለ።

ልጆች፣ ጥቂት ቢጎድልህ ባላጋራህን መርምር። ሁሉም ቢጎድልህ ግን ቤትህን መርምር።

ተረቴ ይኸው ነው። ነገ የኛም ቦይ ይጠረጋል፤ ተኙ።