እስከ አንገታቸው የተሞሉ ጠርሙሶች

አንዲት አስካለማርያም የምትባል ፎቶ አንሺ ነበረች። በምትኖርባት ከተማ ክረምት ሲገባ ወንዝ መንገዱን ስለሚቆርጠው፣ የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ ከሰኔ በፊት ካልደረሰ እስከ መስከረም አይገኝም። በዚያ ዓመት የመጣው ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ብቻ ነው። አንዱ ለእሷ፣ ሌላው አደባባዩ ላይ ሰፊ ፎቶ ቤት ለነበረው ለአቶ ደምመላሽ ደረሰ።

ፈሳሹ ኃይለኛ ስለሆነ በውሃ ተበርዞ ነው የሚሠራበት፤ ከተበረዘ ግን ቶሎ ይበላሻል። ደምመላሽ ሥራ እንዲቀለው ሁሉንም በአንድ ቀን በርዞ በጀሪካን አስቀመጠ። አስካለማርያም ግን ያልተበረዘውን በትናንሽ ቡናማ የመድኃኒት ጠርሙሶች እስከ አንገታቸው ሞላች፤ አየር እንዳያገኘው አጥብቃ ከድና ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ሣጥን ውስጥ ደረደረችው። ፊልም ስታጥብ ለዕለቱ የሚበቃትን ብቻ ለክታ ትበርዛለች፤ የሠራችበትን ትደፋለች። ደምመላሽ ይህን ሰምቶ ሽቶ የምትቸረችር አስመስሎ ሲያወራባት ከተማው ሳቀ። አፈረች፤ ሥራዋን ግን አልለወጠችም።

ነሐሴ ላይ ከባድ ጎርፍ ወርዶ በከተማዋ ዳር ባሉት በላይኛውና በታችኛው መንደር መካከል የነበረውን የድንበር ድንጋይ ይዞት ሄደ። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ምንጭ የተነሣ ደም ተቃብተው ኖረዋል። ግንቦት ላይ ያስታረቋቸውና ድንጋዩን የተከሉላቸው ሽማግሌ ደግሞ ሐምሌ ላይ ዐርፈዋል። አንዱ ወገን ድንጋዩ ምንጩ አጠገብ ካለው የሾላ ዛፍ በላይ ነበር፣ ሌላው በታች ነበር ይል ጀመር። ጠመንጃም ከየቤቱ ወጣ።

የዕርቁን ዕለት ፎቶ ያነሣው ደምመላሽ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ግን ፊልሙን አላጠበውም። ሁለቱም ወገን ፎቶው ይዳኘን ብለው የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጡት። ወደ ጀሪካኑ ቢሄድ ፈሳሹ እንደ ጠላ ጠቁሯል። ሌላ ፊልም ቢሞክርበት ባዶውን ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊልሙን በኮቱ ኪስ ይዞ አስካለማርያም ደጃፍ ቆመ።

«እህቴ፣ የሳቅሁብሽን ይቅር በይኝና ይህን አድኚልኝ» አላት። «ሌላ ቅጂ የለውም።»

«ይቅርታውን ኋላ እናወራዋለን፤ ግባ» አለችው።

ከቀሯት ሦስት ጠርሙሶች አንዱን ከፈተች። እሷም ብትሆን ወር ሙሉ ፊልም ስላላጠበች ፈሳሹ ደህና መሆኑን አታውቅም ነበር። ከበረዘችው ላይ ጥቂት ቀድታ ብርሃን ያየ ቁራጭ ፊልም ነከረችበት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ቁራጩ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ ብርሃን ያየ ፊልም የሚጠቁረው በደህና ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ፣ ፈሳሹ ኃይሉን አላጣም ማለት ነው። ያን ጊዜ ጨለማ ክፍል ገብታ፣ ደቂቃውን ቆጥራ፣ ፊልሙን አጠበችው። አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ስታየው ሽማግሌው እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ጭነው ቆመዋል። ድንጋዩ ከሾላው በላይም በታችም አልነበረም፤ ከግንዱ ጋር ተጠግቶ ነው የተተከለው።

በቀጠሮው ቀን በወረቀት የታተመው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁለቱም ወገን ተሳስቶ ነበርና ማንም ተሸንፎ አልሄደም። ወጣቶቹ አብረው አዲስ ድንጋይ አንከባልለው ተከሉ፤ ምንጩ ዳር እልልታው ቀለጠ። ደምመላሽም በጉባኤው መካከል ቆመና «ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያዳነችው ግን እሷ ናት» አለ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበላት። የሳቁባት ሴቶች እየሳሙ መረቋት። አስካለማርያም ያን ቀን እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

ወዳጄ፣ ብዙ ሰው ዕውቀቱንም ጉልበቱንም ለዛሬ እንዲቀለው ሲል በአንድ ጊዜ በርዞ ያቀጥነዋል፤ ቁርጥ ቀን ሲመጣ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መቆጠብን ንፍገት የሚሉ አሉ። ለጭንቅ ቀን ብሎ ጠብቆ የያዘ ሰው ግን ቀኑ ሲደርስ ሳይሰስት ይሰጣል። ነገ አንድ ሰው ተስፋ ቆርጦ ደጅህን ቢያንኳኳ፣ የምትሰጠውን ዛሬ እንዴት አድርገህ ይዘኸዋል?