ከማዶ የመጣችው ተዋበችና የልጇ ስም

በአንድ ወቅት፣ የወሎ ደጋ ወርዶ ከአፋር ሜዳ በሚገናኝበት ወንዝ ዳር ወይዘሮ እታገኝ የሚባሉ እናት ነበሩ። አንዲት ልጃቸው ተዋበች አባቷ ያልወደደውን ሰው አግብታ ወንዙን ከተሻገረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። አባትየው ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ ነበርና፣ ናፍቆቱ የእናትን አንጀት ሲበላ ኖረ። በኋላ አባትየው ሞተ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ ተዋበች አንድ ማለዳ ሆዷን ደግፋ ማዶ ቆመች። እናት «ልጄ!» ብለው ወደ ውሃው ሮጡ።

«እትዬ እታገኝ፣ ተዋበች እንዳትሻገር!» ሲል ጓንጉል ጮኸ። ጓንጉል ወንዙ ውስጥ ከተተከለ እንጨት ላይ የውሃውን ልክ ጠዋትና ማታ እያነበበ ወደ ከተማ የሚደውል ሰው ነው። «ዛሬ ጎርፍ ይወርዳል ብለውኛል ከከተማ።» ሰማዩ ጥርት ብሏል። «እንዴት እንደሚያውቁ እኔም አላውቅም፤ ስምንት ዓመት ግን ዋሽተውኝ አያውቁም።» ተዋበች ማዶ ቁጭ አለች። እናት «ልጄን በደህና እቅፌ ላደረሰልኝ፣ የልጅ ልጄን ስም እሱ ያውጣ!» አሉ።

ግመል ሊያጠጣ የወረደ ሁመድ የሚባል አፋር «ዝናቡን በዓይኑ ያየው ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ጓንጉል «ያየውን አላውቅም፤ የከተማ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ» አለ። «እኛ ዘንድ ያየው ሰው ያልታወቀ ወሬ ወሬ አይባልም» ብሎ ሁመድ ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ገሰገሰ። መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ቁጭ እያለ፣ ማን አየ፣ የት፣ መቼ እያለ፣ ዳጉ በሚባለው የአፋር ልማድ ወሬ ተቀባበለ። ከሰዓት በኋላ ላብ አጥምቆት ተመለሰ። «ጎርፉ አለ፤ ያየውን ሰው እጁን ጨብጫለሁ። ጀንበር ሳትጠልቅ ግን እዚህ አይደርስም።»

ጓንጉል «ትጠብቅ»፣ ሁመድ «ትሻገር» ሲባባሉ ተዋበችን ምጥ ያዛት። ጩኸቷ ወዲህ ማዶ ተሰማ። እናት መሬት ላይ ወድቀው «ሰባት ዓመት ተርቤሽ፣ ዛሬ እያየሁሽ ልትቀሪብኝ?» እያሉ አለቀሱ።

አያ ይመር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ያሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። የከተማውንም የመንገደኛውንም ወሬ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ውሃውን ዘግነው አሸተቱ፣ ቀመሱም። «ገና አፈር አልያዘም» ብለው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ባዶ ጀሪካን በታሰረበት ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ እየገፉ አሻገሯት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ዳገቱን ሳይጨርሱ ጎርፉ እያገሳ ወረደ። ቤት እንደገቡም ወንድ ልጅ ተወለደ።

አሁን ሦስቱም ስም ይዘው ደጅ ቆመዋል።

«እኔ ባልናገር ጎርፍ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?» አለ ጓንጉል።

«አንተ ባትከለክላት ጠዋት በሰላም ተሻግራ ነበር። ሰዓቱን የለየሁት እኔ ነኝ» አለ ሁመድ።

አያ ይመርም «እናንተ ስታወሩ ማን ረጠበ?» አሉ።

ወይዘሮ እታገኝ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ በስም ሳይጠሩ ያባብሉታል። ፍርዱን ለእኛ ትተውታል። እስቲ ንገሩኝ፤ ስሙን ማን ያውጣለት?